ላብ ያልነካው ሸሚዝ

እህቴን ከተማው «እትዬ ሳሙና» ይላት ነበር። ስሙን ያወጣላት ከቁልቁለቱ ስር ያለው ባለሱቅ ነው፤ እሱ ለሰው ስም ማውጣት እንጂ ዕቃ መሸጥ አይሆንለትም። እሷም አልከፋትም። «ጭቃ ከሚለኝ ሳሙና ቢለኝ ይሻላል» ብላ ሳቀችና ስሙ በዚያው ጸደቀ። አጭር፣ ክንደ ወፍራም፣ ለምክር ጆሮ የሌላት ሴት ነበረች። ስታኮርፍ ቤቱ ሁሉ አብሯት ያኮርፋል፤ ስትስቅ ደግሞ ጎረቤቱ ምን ተገኘ ብሎ ብቅ ይላል። እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ስለዚህ ባጋንን አትፍረዱብኝ።

ሥራዋ ልብስ አጠባ ነው፤ የምታጥበውም ለጦሩ። ጦሩ የእኛ አልነበረም። ከሩቅ አገር የመጣ፣ ቋንቋው ሌላ የሆነ ጦር ነው። እኔ ስወለድ ነበሩ፣ ስዳር ነበሩ፣ ስወልድም ነበሩ። ለምን እንደመጡ ትልልቆቹ ሲጨቃጨቁበት እንሰማለን፤ እኛ ታናናሾቹ ግን አንድ ቀን ይሄዳሉ ብለን አስበን አናውቅም። ወደድናቸው አልልም፣ ጠላናቸውም አልልም። ነበሩ፣ በቃ።

ማጠቢያ ቤቱ ከካምፑ ጀርባ ከግንቡ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው። ረጃጅም የሲሚንቶ ገንዳዎች፣ ውሃ የሚፈላባቸው በርሜሎች፣ በደጅ በኩል ደግሞ ከብረት ምሰሶ ወደ ብረት ምሰሶ የተወጠሩ የልብስ ማስጫ ሽቦዎች አሉት። ቦታው ጉብታ ላይ ስለሆነ የተሰጣው ልብስ ከከተማው ሁሉ ይታያል። ግንቡ ላይ የቆርቆሮ መዝጊያ ያላት፣ ከረጢት እንጂ ሰው የማታሳልፍ መስኮት ነበረች። ቆሻሻው በእሷ ይወጣል፣ ንጹሁ በእሷ ይገባል። እኔ ጥግ ላይ በስፌት መኪናዬ የተቀደደ እጠቅማለሁ፣ የወለቀ ቁልፍ እተክላለሁ።

እትዬ ልብስ የምትለየው በአፍንጫዋ ነው። ከከረጢቱ አንዱን ሸሚዝ ትመዝና አንገትጌውን ታሸታለች። «የሹፌር ነው፣ ጋዝ ጋዝ ይላል፤ ለብቻው ይዘፍዘፍ።» «ይሄ የወጥ ቤቱ ነው።» አንዳንዴ ፊቷን ትቋጥርና «ይሄኛው ፈርቷል» ትላለች። የፈራ ሰው ላብ ከደከመ ሰው ላብ ይለያል፣ ካልቀቀሉት አይለቅም ባይ ነች። እኔም «እንዲህ ያለ አፍንጫ ይዘሽ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ፖሊስ ጣቢያ አይቀጥሩሽም?» እያልኩ አበሽቃታለሁ። እርጥብ ካልሲ ትወረውርብኛለች።

ባሏ የካምፑ በር ላይ አስተርጓሚ ነበር። ከተማው «ባለ ሁለት ምላሱ» ይለዋል፤ መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። ዝምተኛ፣ ጫማው አቧራ የማይነካው፣ ለልጅ እንኳ «እርስዎ» ለማለት የሚቃጣው ሰው ነው። ቃል ከሰጡት ያምናል፤ ይሄ አመሉ ያናድደኝ ነበር። ሥራው አቤቱታ ይዞ የመጣውን ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ መመለስ ነው። ቀን በቀን የሚላት አንዲት ነገር አለችው፤ በነሱ ቋንቋ ይላታል፣ ከዚያ በእኛ ይደግማታል፦ «ተራችሁን ጠብቁ።» ከመደጋገሟ የተነሳ የሰፈሩ ልጆች በባዕዱ ቋንቋ እያሉ ይጫወቱባት ነበር። ወታደሮቹ ተራራው ላይ ወዳሉት መንደሮች ለፍተሻ ሲወጡም ይዘውት ይሄዳሉ። እዚያ ምን ምን እንዳስነገሩት አልጠየቅነውም። ቃሉ የነሱ ነው፣ ድምፁ ግን የእሱ ነው፤ ሰው ደግሞ የሚያስታውሰው ድምፁን ነው።

ጦሩ ጠቅልሎ ሊወጣ መሆኑ በሬዲዮ ሲነገር ቀኑ አልተነገረም ነበር። ተራራው ላይ ያሉት የታጠቁ ሰዎች ግን ወዲያው መልእክት ሰደዱ፦ ካምፑ ባዶ በሆነ ቀን እንወርዳለን፣ መጀመሪያ የምንፈልገውም ያንን ድምፅ ነው። ባለሱቁ ይህን ሲነግረን እየሳቀ ነበር የጀመረው፤ የእትዬን ፊት ሲያይ ሳቁን ዋጠው።

አዛዡ ባሏን አስጠርቶ ቃል ገባለት። አንተንና ሚስትህን ይዘናችሁ እንሄዳለን፣ ስማችሁ ይጠራል፣ ስትጠሩ መኪናው ላይ ትወጣላችሁ አለው። እስከዚያው ግን ከካምፑ እንዳትወጣ ተባለ። አንድ ሻንጣ ይዞ ሲገባ እስከ በሩ ሸኘነው።

«ስማችን ሲጠራ መስኮቷን አንኳኳለሁ» አላት። «ዝግጁ ሁኚ።»

«ዝግጁ ነኝ። አንተ ብቻ እንዳትረሳኝ» አለች እየሳቀች። ያን ጊዜ መሳቅ ይቻል ነበር።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። መኪኖቹ ተጭነው ይወጣሉ፣ ባዷቸውን ይመለሳሉ፤ አንዳንዶቹም አይመለሱም። ከግንቡ ወዲያ የኳስ ጨዋታው ጩኸት እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ይሁን እንጂ ማታ ማታ መብራቱ ይበራል፣ ጧት የመቀስቀሻው ጥሩምባ ከድምፅ ማጉያው ይሰማል፣ ማማው ላይም አንድ ወታደር ወዲያ ወዲህ ይላል። ከረጢቱም እንደወትሮው ይመጣል። ከተማው ዓይኑን የእህቴ ልብስ ማስጫ ላይ ተከለ። ባለሱቁ ጧት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ቀና ይልና የተሰጣውን አይቶ «አሉ» ይላል። ተራራው ላይ ያሉትም በመነጽር እንደሚያዩ ሁሉም ያውቅ ነበር። ልብስ እስከተሰጣ ድረስ ጦሩ አለ፤ ጦሩ እስካለ ድረስ ደግሞ ባለ ሁለት ምላሱ በሕይወት አለ። እትዬም ይህን ታውቃለች፤ በዚያ ሰሞን ልብስ ስታሰጣ እጅጌውን ሁሉ እየዘረጋች ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ቅር ይለን ነበር። ድሮ ከመስኮቷ ወዲያ ጥርሱ የተሸረፈ አንድ ወታደር ቆሞ በተሰባበረ አፉ «ሳሙና! ሳሙና!» እያለ ያስቀን ነበር። አሁን ከረጢቱ በዝምታ ይገፋል፣ ቆርቆሮው ይዘጋል። የሚገፋውን እጅ እንኳ አናይም።

አንድ ጧት እትዬ ከረጢቱን ፈታች፣ አንድ ሸሚዝ መዝዛ አሸተተችና ቆመች። ሌላ መዘዘች። ከዚያ ከረጢቱን በሙሉ ወለሉ ላይ ዘረገፈችው።

«አፍንጫዬ ሞተ» አለችኝ።

«ጉንፋን ይዞሽ ይሆናላ።»

«የምን ጉንፋን! ምንም አይሸተኝም እኮ ነው የምልሽ!»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። አንጀቴን በላችኝ፤ ያ አፍንጫ ከሌለ እሷ ምኗ ነች? ሮጬ የመብራት ጋዝ አምጥቼ አስጠጋሁላት፣ ፊቷን አዞረች። የሽንኩርት ልጣጭ ሰጠኋት፣ አነጠሳት። በመጨረሻ ብብቴን አንስቼ ብጠጋት «ሂጂ ወዲያ፣ ገላሽን ታጠቢ!» ብላ ገፈተረችኝ። ሁለታችንም በሳቅ ፈነዳን። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። አፍንጫዋ ደህና ከሆነ ችግሩ ልብሱ ላይ ነው።

አንዱን ሱሪ አንስታ ወደ ብርሃኑ ይዛው ወጣች። የካውያው መስመር ከወገቡ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀጥ ብሎ ይታያል።

«ይሄ የእኔ እጅ ነው» አለች። «እኔ የተኮስኩት ነው። ጉልበቱ አልታጠፈም፣ መቀመጫው አልተጨማደደም። እንዳስገባሁት ነው የወጣው።»

«ሥራ ፈተው ተኝተው ይሆናል።»

«ራቁታቸውን?»

ሱሪውን አጣጥፋ «ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ» አለችኝ። ብናወራ ካምፑ ባዶ ነው ማለታችን ነው፤ ያን ጊዜ ሰዎቹ ይወርዳሉ፣ ባሏ ደግሞ ውስጥ ነው። መስኮቷን ገና አላንኳኳም። ስለዚህ ንጹሁን ልብስ ዘፈዘፍነው፣ አሸነው፣ አለቀለቅነው፣ አሰጣነው። ነፋሱ ገባባቸው። ሸሚዞቹ ደረታቸውን ነፍተው እጃቸውን አነሱ፣ ሱሪዎቹ ባሉበት ተራመዱ። ባለሱቁ ከታች ሆኖ «ዛሬስ በርከት ብለዋል!» ብሎ ጮኸ። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ በሽቦዎቹ መሃል ብቻዬን መሄድ ተውኩ። እርጥብ እጅጌ ትከሻዬን በነካኝ ቁጥር ቆሌዬ ይገፈፍ ነበር።

እንዲህ እያለ ሰነበተ። ሰው ያልለበሰው ልብስ ይወጣል፣ እናጥባለን፣ ይገባል። ከዚያ አንድ ቀን ከዚያ ሁሉ ክምር ውስጥ እትዬ አንድ ሸሚዝ አንስታ ወደ አፍንጫዋ ወሰደችና እዚያው ያዘችው። ገንዳው ጠርዝ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ምነው? ይሸታል?»

«ይሸታል።»

«እሰይ! አንድ ሰው እንኳ አለ ማለት ነው።»

«ፈርቷል» አለች፣ አንገትጌውን ከፊቷ ሳታወርድ።

«ማን?»

«ባሌ።»

ስህተት ነው፣ የሌላ ሰው ነው ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ግን አንዲት ሚስት ስንት ዘመን አብራው የተኛችውን ሰው ጠረን ትስታለች? ተያይዘን ወጣንና ማማውን ቀና ብለን አየነው። ወታደሩ ይመላለሳል። ያን ወታደር ከተማው ሁሉ በየቀኑ ያየዋል፤ እኛም አይተነዋል፣ ልብ ብለን ግን አላየነውም። ሁለት እጁን ወደኋላ አቆላልፎ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ነበር የሚሄደው። ወታደር እንደዚያ አይሄድም። ነገር ሲከብደው በእህቴ ሳሎን ውስጥ እንደዚያ የሚሄድ አንድ ሰው ነው የማውቀው።

እትዬ ድንጋይ አንስታ የመስኮቷን ቆርቆሮ ትደበድበው ጀመር። «እኔ ነኝ! ክፈት! እኔ ነኝ እኮ!» ከብዙ ጊዜ በኋላ ከወዲያ በኩል የእግር ኮቴ መጣ፣ ቆመ። ከዚያ የባሏ ድምፅ በነሱ ቋንቋ፣ በትሕትና፣ ቀስ ብሎ ተናገረ። ትርጉሙን ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገንም። ከተማው ሁሉ የሚያውቃት ያች ነገር ናት። ተራችሁን ጠብቁ። ኮቴው ተመልሶ ሄደ።

እህቴ ስትናደድ አውቃታለሁ፣ ስትፈራ ግን ያን ቀን ነው ያየኋት። ከዚያ ልብስ መተኮሻ ካውያዋን ከጠረጴዛው አንስታ ግንቡን ተከትላ መሄድ ጀመረች። ወደ ዋናው በር ነው። ወደዚያ በር መቅረብ ከተከለከለ ሰንብቷል፤ የሚቀርብ ሰው ይተኮስበታል ተብሎ ነበር። «እትዬ ተይ፣ እባክሽ ተይ» እያልኩ ከኋላዋ ተከተልኳት። በሩ ላይ ካፖርት የለበሰ፣ ኮፍያ የደፋ ዘበኛ ቆሟል። ስንቀርብ አልተንቀሳቀሰም። እጇን ዘርግታ ኮፍያውን ብታነሳው ከስሩ ትራስ ነው። የትራሱን ልብስ ከራሳችን ትራስ ልብስ ይልቅ በደንብ እናውቀዋለን፤ ስንት ጊዜ ያጠብነው ነው።

በሩ በሰንሰለት ተጠምጥሟል። ጓጉንቸሩ የተንጠለጠለው በውጭ በኩል ነበር። ሲሄዱ ቆልፈውበት ነው የሄዱት።

«እትዬ፣ ከሰበርሽው ከተማው ይሰማል» አልኳት።

«ይስማ።»

«ተራራውም ይሰማል።»

«ካልሰበርኩትስ? ዛሬም ይሁን ነገ ማወቃቸው አይቀርም። ሲያውቁ እሱ እዚህ ውስጥ ታሽጎ ነው የሚያገኙት። ሂጂ፣ ባልሽ መኪናውን ይዞ ይምጣ። ፍጠኚ!»

ባሌ የሽንኩርት ጭነት መኪና ሹፌር ነው። ገበያው ጫፍ ላይ ማዳበሪያዎቹን ሲደረድር አገኘሁትና እያለከለክሁ ነገርኩት። «አብዳችኋል?» አለኝ። «አዎ፣ ተነስ» አልኩት። ጎማ መፍቻ ብረቱን አቀበለኝና ሞተሩን አስነሳ። አቀበቱን ስንወጣ ካውያው ሰንሰለቱን ሲመታው ከሩቅ ይሰማ ነበር። ሰው ከየቤቱ ወጥቶ መንገድ ዳር ቆሟል። ባለሱቁ ሱቁን እየዘጋ ነበር።

የቀረውን ሰንሰለት በብረቱ ጨረስነው። በሩ ሲከፈት ግቢው ጭር ብሏል። በተከፈቱት በሮች ውስጥ አልጋዎቹ ተነጥፈው፣ ከየስራቸው ያረጁ ቦት ጫማዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይታያሉ። ሁሉ ነገር ተጠርጓል። ባሏ ከማማው ወርዶ በግቢው መሃል መጣ፤ የነሱን ዩኒፎርም ለብሷል፣ እስከ ጉሮሮው ቆልፎታል፣ ጢሙ ተላጭቷል። ከስቶ ልብሱ ውስጥ ጠፍቷል። በሩ ጋ ደርሶ ቆመ።

«አንቺ ነሽ እንዴ?» አላት በእኛ ቋንቋ። «ለምን መጣሽ? ስማችን ገና አልተጠራም።»

«ሄደዋል እኮ!»

«አውቃለሁ። መኪና ይልካሉ። እስከዚያ ካምፑ ሰው ያለበት ይምሰል ብለውኛል። መብራቱን አበራለሁ፣ ጥሩምባውን እከፍታለሁ፣ ልብሱን እልክልሻለሁ። ሰው ያለበት እስከመሰለ ድረስ ሚስትህን ማንም አይነካትም አሉኝ።»

«በሩን ከውጭ ቆልፈውብህ ነው የሄዱት!»

የተበጠሰውን ሰንሰለት አየው። «ለጥንቃቄ ነው» አለ።

ባሌ ክንዱን ይዞ ጎተተው፣ እኔ ከኋላ ገፋሁት። የበሩን ምሰሶ አቅፎ አልለቅም አለ። አይጮህም፣ አይቆጣም፤ «ስሜ ሳይጠራ አልወጣም፣ ይቅርታ» ብቻ ይላል፣ ደጋግሞ። ከተራራው ቁልቁል አቧራ ተነስቶ ነበር። ባሌ ሲያየው ሄዶ መኪናውን አስነሳ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

እትዬ ግን አላለቀሰችም። ከመኪናው ጎን ሄዳ ቀጥ ብላ ቆመች፣ መዳፏን እንደ ወረቀት ዘረጋች፣ አየችውና የባሏን ስም ጠራች። እኛ በምንጠራው አልነበረም። እነሱ እንደሚያጣምሙት መሃሉን ጎትታ፣ መጨረሻውን ውጣ፣ ድምፅዋን አወፍራ ጠራችው። ባሏ ምሰሶውን ለቀቀ። በነሱ ቋንቋ መልስ ሰጠ፣ ኮሌታውን አስተካከለ፣ በሩን አልፎ መጣና ሽንኩርቱ ላይ ወጣ። ፊቱ ላይ እፎይታ ነበር፤ ያን ፊት ማየት ከብዶኝ አንገቴን ደፋሁ።

እሷ ልትከተለው እግሯን ጎማው ላይ ስታደርግ እጁን ዘርግቶ አገዳት።

«ያንቺ አልተጠራም» አላት፣ በጭንቀት። «ሳይጠሩሽ አትውጪ። ሁለታችንንም ያወርዱናል።»

ዞር ብላ አየችኝ። አቧራው ቁልቁለቱን አጋምሷል። ታላቄን በስሟ ጠርቻት አላውቅም፤ አይጠራማ። ከመሬት ተነሳሁና መዳፌን ዘረጋሁ፣ የእህቴንም ስም እንደነሱ አጣምሜ፣ ጮክ ብዬ ጠራሁት።

«አቤት» አለችኝ። ለእኔ፣ ለታናሿ፣ «አቤት»። ከዚያ ወጣች።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ መንገድ ዳር የቆመው ሰው ዩኒፎርሙን አይቶ እንደ ድሮው ወደ ጎን ገለል አለ። ማንም ድንጋይ አላነሳም። ሰዎቹ ደርሰው ካምፑን ሲፈትሹ ከተነጠፈ አልጋ በቀር ያገኙት የለም፤ እኔንም ጠየቁኝ፣ አላየሁም አልኩ። ባሌ በማግስቱ ተመለሰና ድንበሩን በሰላም እንደተሻገሩ ነገረኝ። እህቴን ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። መንገዱን ሁሉ ባሏ ሽንኩርቱ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ሌሎቹ መኪኖች የታሉ እያለ ይጠይቃት ነበር አለኝ። እሷም እጁን ይዛ በጠየቃት ቁጥር «ከፊት ናቸው፣ ከፊት ናቸው» ትለው ነበር።